አይሮፕላን በሚያርፍበት ሰዓት ዝምታ ወርቅ አይደለም

በአይሮፕላን የሄደ ሰው ሁሉ ይህችን ጊዜ ያውቃታል። ጉዞው ሊያበቃ ሲል የሞተሮቹ ድምፅ ይለዝባል፤ ጆሮ መደፈን ይጀምራል፤ አስተናጋጆቹ ቀበቶ መታሰሩንና ወንበር መቃናቱን እየተመለከቱ ያልፋሉ፤ ከእግር በታችም ጎማው ሲወርድ ጓ የሚል ድምፅ ይሰማል። ከተሳፋሪው አንዱ በመስኮት የአገሩን ጣራ ይፈልጋል፤ አንዱ ያማትባል፤ አንዱም ከወንበሩ ሳይነሣ ጓዙን በዓይኑ ይሰበስባል። በዚህች ሰዓት ከፊት ካለው ከተዘጋው በር በስተጀርባ ምን እንደሚባል ግን የሚሰማ የለም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወሳ ያሰብነው ከዚያ በር በስተጀርባ የሚነገረውን፣ ይልቁንም መነገር ሲገባው ሳይነገር የሚቀረውን ቃል ነው።

ይህ ነገር የአብራሪዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ከበላዩ አለቃ፣ ከበታቹም ምንዝር ያለበትን ሰው ሁሉ የሚመለከት ሆኖ አግኝተነዋል። ስለዚህም በተለይ ለተማሪዎችና ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች እንዲጠቅም አድርገን ለመጻፍ ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ስለ ማረፍ ጥቂት ቃል

አንድ የመንገደኞች አይሮፕላን ለማረፍ ሲቀርብ የሚከተለው ቁልቁለት እንደ ደንቡ 3 ዲግሪ ነው። ይኸውም ወደ ፊት አንድ ኪሎ ሜትር በተጓዘ ቁጥር 50 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል ማለት ነው። ለሚያየው ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አይሮፕላኑ በዚያን ጊዜ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ያህል የሚበር ስለሆነ፣ ከ300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ ጎማው መሬት እስኪነካ ድረስ ያለው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ተኩል እምብዛም አይበልጥም። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ፍጥነቱ፣ ከፍታው፣ አቅጣጫው፣ የጎማው መውረድ፣ ነፋሱ፣ ከመቆጣጠሪያው ማማ የሚመጣው ትእዛዝ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድነት መጠበቅ ይኖርባቸዋል።

አየር ማረፊያው በደጋ ላይ ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። የእኛው ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ የፍጥነት መለኪያው በቆላ የሚያሳየውን ያንኑ ቁጥር እያሳየ አይሮፕላኑ ግን በምድሩ ላይ ፈጠን ብሎ ይሮጣል። ፈጠን ብሎ የሚሮጥ ነገር ደግሞ ለማሰብ የሚሰጠው ጊዜ ያንሳል።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ይጠብቀው ማለት የማይሆን ስለሆነ ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። አንደኛው አብራሪ መሪውን ይዞ ያበራል። ሁለተኛው መሣሪያዎቹን ይከታተላል፤ ከማማው ጋር ይነጋገራል፤ የመጀመሪያው ሲሳሳትም ይናገራል። በቀድሞዎቹ ትልልቅ አይሮፕላኖች ውስጥ ሦስተኛም ሰው ነበረ፤ እርሱም ሞተሩንና ነዳጁን የሚጠብቀው የበረራ መሐንዲስ ነው። እንግዲህ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች እንዲቀመጡ የተደረገው የአንዱ ዓይን የሳተውን የሌላው ዓይን እንዲያገኘው ነው። ዓይን ያገኘውን አፍ ካልተናገረው ግን ሁለት ሰው መቀመጡ ምን ይጠቅማል?

የአንዲት አምፖል ነገር

በዲሴምበር 29 ቀን 1972 ሌሊት፣ የኢስተርን አየር መንገድ አንድ ትልቅ አይሮፕላን 176 ሰዎች ይዞ ከኒው ዮርክ ወደ ማያሚ መጣ። ሊያርፍ ሲል ጎማዎቹን አወረደ። የፊተኛው ጎማ መውረዱን የምታመለክተው ትንሽ አረንጓዴ መብራት ግን ሳትበራ ቀረች። ካፒቴኑ ማረፉን ተወና አይሮፕላኑን ወደ 600 ሜትር ከፍታ አውጥቶ፣ ራሱን በራሱ እንዲያበር አውቶፓይለቱ እንዲያዝ አደረገና ወደ ምዕራብ፣ ኤቨርግሌድስ ወደሚባለው ረግረግ አቀና።

ከዚህ በኋላ በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ በአምፖሏ ላይ ተረባረቡ። ረዳቱ የመብራቷን ማቀፊያ ነቅሎ መልሶ ለመግጠም ታገለ። መሐንዲሱ ጎማውን በዓይኑ እንዲያይ ከወለሉ በታች ወዳለው ጉድጓድ እንዲወርድ ታዘዘ። በዚህ መካከል አውቶፓይለቱ ከፍታ መጠበቁን ተወ፤ አይሮፕላኑም ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳያውቀው፣ ዝቅ ማለት ጀመረ። ከፍታው መለወጡን የሚያመለክት ድምፅ ቢሰማም ልብ ያለው አልነበረም። ከታች ያለው ረግረግ አንድ መብራት እንኳ የማይታይበት ጨለማ ስለነበረ፣ ወደ ውጭ ቢመለከቱም የሚያስጠነቅቃቸው ነገር አልነበረም።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ እኛን ያሳሰበን ግን የተቆጣጣሪው ነገር ነው። በማያሚ በራዳር ይከታተላቸው የነበረው ሰው የአይሮፕላኑ ከፍታ ወደ 270 ሜትር መውረዱን በመስታወቱ ላይ አየ። በራዳሩ ላይ እንዲህ ያለ የተሳሳተ ቁጥር አልፎ አልፎ ይታይ ስለነበረ፣ በሬድዮ የጠየቃቸው ነገሩ እንዴት እየሆነላቸው እንደሆነ ብቻ ነው። ስለ ከፍታው አንድም ቃል አላነሣም። እነርሱም ጥያቄውን የመሰላቸው ስለ አምፖሏ ነው፤ ዞረው ለመመለስ እንደሚፈልጉ ነገሩት፤ እርሱም ፈቀደላቸው። ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ አይሮፕላኑ ረግረጉን መታ። በዚህ አደጋ 101 ሰዎች ሞቱ።

በኋላ ሲመረመር ጎማው በደኅና ወርዶ ኖሯል። የተቃጠለው አምፖሉ ብቻ ነበረ። መርማሪዎቹም የአደጋው ምክንያት በመጨረሻዎቹ 4 ደቂቃዎች የበረራ መሣሪያዎቹን የተከታተለ ሰው አለመኖሩ መሆኑን ወሰኑ። «ከፍታችሁ ስንት ነው?» የሚል አንድ አጭር ጥያቄ በዚያች ሌሊት ቢሰማ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አንባቢ ራሱ ሊፈርድ ይችላል።

በፖርትላንድ የሆነው

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 28 ቀን 1978፣ የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ-8 አይሮፕላን 189 ሰዎች ይዞ ወደ ፖርትላንድ ከተማ ደረሰ። ጎማው ሲወርድ ያልተለመደ ከባድ ድምፅ ተሰማ፤ አይሮፕላኑም ወደ ጎን ተንገጫገጨ፤ የጎማዎቹን መውረድ የሚያመለክተው መብራትም በሚገባ ሳይበራ ቀረ። ካፒቴኑ ከ27,000 ሰዓት በላይ የበረረ፣ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበረ። ጎማው ቢታጠፍ ተሳፋሪዎቹ እንዳይጎዱ አስቦ፣ አስተናጋጆቹ ሕዝቡን በሚገባ እስኪያዘጋጁ ድረስ በከተማዋ አጠገብ አንድ ሰዓት ያህል ሲዞር ቆየ። በክንፉ ላይ ያለው ምልክት ጎማው መውረዱን ያሳይ ነበር፤ ሆኖም እርሱ ከጥንቃቄ ላይ ጥንቃቄ ጨመረ።

ይህ ሁሉ ለተሳፋሪው ከማሰብ የመጣ ነው። ነገር ግን በዚህች አንድ ሰዓት ውስጥ ነዳጁ እያለቀ ነበር። መሐንዲሱ ይህን ያውቃል። አሥራ አምስት ደቂቃ ብንጨምር ነዳጁ በጣም ያንስብናል የሚል ቃል ተናገረ። የነዳጁን መጠን እየጠቀሰ ደጋግሞ አነሣ። ረዳቱም ስለ ነዳጁ ጠየቀ። ዳሩ ግን ከሁለቱ አንዱ እንኳ «ካፒቴን፣ አሁኑኑ ካላረፍን እንወድቃለን» ብሎ በግልጽ አልተናገረም። ካፒቴኑም ልቡ በጎማው ላይ ስለነበረ፣ የተነገረውን በጆሮው እየሰማ በልቡ አላስገባውም።

አንደኛው ሞተር ጠፋ። ቀጥሎ ሌሎቹ ተከተሉ። አይሮፕላኑ መንደርደሪያው ላይ ሳይደርስ፣ ዛፍና ቤት ባለበት በከተማዋ ዳርቻ ላይ ወደቀ። በውስጡ ነዳጅ የሚባል ነገር ስላልነበረ እሳት አልተነሣም፤ ብዙዎቹ የተረፉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሆኖም 10 ሰዎች ሞቱ። ከሞቱት አንዱ ስለ ነዳጁ ሲያሳስብ የነበረው መሐንዲሱ ነበረ።

መርማሪዎቹ ካፒቴኑን ነዳጁን በሚገባ ባለመከታተሉና የባልደረቦቹን ማሳሰቢያ ባለመቀበሉ ወቀሱት። ወቀሳውን በእርሱ ላይ ብቻ አላቆሙም። ሌሎቹ ሁለቱም የነገሩን ክብደት ፈጽመው አለመረዳታቸውን፣ ወይም ጭንቀታቸውን ለካፒቴኑ በሚገባው መንገድ አለማስረዳታቸውን ጨምረው ጻፉ። የሚናገርም የሚሰማም በፍርዱ ውስጥ ገቡ ማለት ነው።

ሰምና ወርቅ ቦታው የት ነው?

እዚህ ላይ ቆም ብለን ወደ ራሳችን ልማድ እንመልከት። እኛ ነገርን ሸፈን አድርጎ መናገርን እንደ ጥበብ የምንቆጥር ሕዝብ ነን። ሰምና ወርቅ የቋንቋችን ጌጥ ነው። በአለቃ ፊት ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ ታላቅን በአንቱታ መጥራት፣ የሰውን ስሕተት በአደባባይ አለማውጣት፣ ይህ ሁሉ ከጨዋ ቤት የሚወረስ መልካም ጠባይ ነው። ይሉኝታ የሚባለውም ነገር ብዙ ጊዜ ከክፉ ይጠብቃል። ይህን ማጣጣል አሳባችን አይደለም።

ነገር ግን ሰምና ወርቅ ጊዜ ይፈልጋል። ሰሚው ቁጭ ብሎ፣ ቃሉን አገላብጦ፣ ከሰሙ ሥር ወርቁን የሚያወጣበት ዕረፍት ሊኖረው ይገባል። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር እየበረረ ወደ መሬት የሚወርድ ሰው ግን ይህ ዕረፍት የለውም። ስለ ነዳጁ የተነገረው ቃል በውስጡ «እንሞታለን» የሚል ወርቅ ነበረው፤ ካፒቴኑ የሰማው ግን ሰሙን ብቻ ነው። አባቶቻችንም ቢሆኑ ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም»፣ «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ብለው የተረቱት እነርሱ ናቸው።

ደግሞም ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስለን። ከላይ ያነሣናቸው ሁለቱም አደጋዎች የደረሱት ሰው አሳቡን በግልጽ ይናገራል በሚባልበት በአሜሪካ ነው። በዚያን ዘመን በአየር መንገዶች ዘንድ የካፒቴን ቃል እንደ ሕግ ይቆጠር ነበር። ብዙዎቹ ካፒቴኖች ከጦር ኃይል የመጡ፣ ማዘዝን የለመዱ ሰዎች ነበሩ፤ ረዳቱም ሲጠየቅ የሚመልስ፣ ሲታዘዝ የሚፈጽም ሆኖ ነው ያደገው። አለቃን መፍራት ዘርና ቀለም አይመርጥም።

በትሕትና የጠፋ ነፍስ

የቃል ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው በጃንዋሪ 25 ቀን 1990 በኒው ዮርክ አጠገብ የደረሰው አደጋ ነው። የኮሎምቢያው የአቪያንካ አየር መንገድ ቦይንግ 707 አይሮፕላን 158 ሰዎች ይዞ ከቦጎታ ተነሥቶ በሜዴሊን በኩል መጣ። በኒው ዮርክ የአየሩ ጠባይ ከፍቶ ስለነበረ፣ አይሮፕላኑ በሦስት ልዩ ልዩ ቦታዎች ላይ በድምሩ አንድ ሰዓት ከ17 ደቂቃ በሰማይ ላይ እየዞረ እንዲጠብቅ ተደረገ።

ካፒቴኑ እንግሊዝኛ እምብዛም ስለማይችል ከማማው ጋር የሚነጋገረው ረዳቱ ነበረ። ነዳጁ ሲያንስ ረዳቱ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ጠየቀ። ለእርሱ «ቅድሚያ» ማለት ትልቅ ቃል ነው። በተቆጣጣሪዎቹ ዘንድ ግን ሌላውን አይሮፕላን ሁሉ አስቁሞ ይህን አንዱን ወዲያው የሚያሳርፈው ቃል «የአደጋ ጥሪ» የሚለው ብቻ ነበረ። ያ ቃል በዚያች ሌሊት በሬድዮ አልተሰማም።

አይሮፕላኑ ለማረፍ ሞክሮ በነፋሱ ክፋት ሳይሆንለት ቀረና ተመልሶ ተነሣ። ካፒቴኑ አደጋ ላይ መሆናቸውን እንዲናገርለት ረዳቱን አዘዘው፤ መናገሩንም ደጋግሞ ጠየቀው። ረዳቱ ነግሬአቸዋለሁ እያለ መለሰለት። በእርግጥም ነዳጃችን እያለቀ ነው ብሎ ነበር፤ ነገር ግን የተናገረው የታዘዘውን ሌላ ነገር ከመለሰ በኋላ ጣል አድርጎ፣ በለሆሳስ ነው። ተቆጣጣሪዋ ራቅ አድርጋ አዙራ እንደምታመጣቸው ገልጣ ለነዳጃቸው ይስማማቸው እንደሆነ ብትጠይቀው፣ ይመስለኛል ብሎ በትሕትና አመሰገናት። ጥቂት ቆይቶ አራቱም ሞተሮች ጠፉ። አይሮፕላኑ በሎንግ አይላንድ ኮረብታ ላይ ወድቆ 73 ሰዎች ሞቱ።

እዚህ ላይ ክፉ ሰው አንፈልግ። ረዳቱ ሥራውን የሚያከብር፣ አንደበተ መልካም ወጣት ነበረ። ተቆጣጣሪዋም የጠየቃትን አልነፈገችም። የጠፋው ሁለቱ አንድ ዓይነት ትርጉም የሚሰጡት አንድ ቃል ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪየሽን ድርጅት በ2012 ስለ ነዳጅ ማነስ የሚነገሩትን ቃላት በደንብ ወስኖ አስቀምጧል። ነዳጁ መዘግየትን የማይችልበት ደረጃ ሲደርስ የሚባለው ሌላ ነው፤ ከተወሰነው መጠባበቂያ በታች ሲወርድ ደግሞ «ሜይዴይ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጠርቶ ነዳጅ ማለት ያስፈልጋል። ይህን የሰማ ተቆጣጣሪ ነገሩን በሌላ ሊተረጉመው አይችልም።

የተገኘው መድኃኒት

የፖርትላንድ አደጋ በደረሰ በዓመቱ፣ በ1979፣ ናሳ የሚባለው የአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት አየር መንገዶችን በሳን ፍራንሲስኮ ሰብስቦ ስለዚሁ ጉዳይ አወያየ። በ1981 የዩናይትድ አየር መንገድ ለአብራሪዎቹ አዲስ ትምህርት ጀመረ። የትምህርቱ አሳብ በአጭሩ ሲነገር፣ ካፒቴኑ በአጠገቡ ያሉትን ሰዎች ዕውቀትና ዓይን ሁሉ እንደ አንድ የሥራ መሣሪያ ቆጥሮ ይጠቀምበት፤ የበታቹም ያየውን መናገር ግዴታው መሆኑን ይወቅ የሚል ነው። ይህ ትምህርት ከዚያ ወዲህ በዓለም አየር መንገዶች ሁሉ ተስፋፍቷል፤ አስተናጋጆችንም ጨምሯል።

ትምህርቱ ድፍረት ይኑርህ ብሎ ብቻ አያሰናብትም፤ አነጋገሩንም ያስተምራል። በመጀመሪያ የምትነግረውን ሰው በማዕርጉ ወይም በስሙ ጥራው፤ ሰው ስሙ ሲጠራ ከሌላ አሳቡ ይመለሳልና። ቀጥለህ የሚያሳስብህ ነገር መኖሩን ተናገር። ከዚያ ያየኸውን በቁጥር አስረዳ። መደረግ አለበት የምትለውን አቅርብ። በመጨረሻም ይስማማ እንደሆነ ጠይቀውና መልሱን ጠብቅ። «ካፒቴን፣ ያሳስበኛል። ነዳጃችን የሚቆየው ለአሥር ደቂቃ ነው። አሁኑኑ እንረፍ። ይስማማሉ?» በዚህ አነጋገር ውስጥ ስድብም ንቀትም የለበትም። አንቱታውም እንደተጠበቀ ነው። የጎደለ ነገር ቢኖር መሸፋፈኑ ብቻ ነው።

በማረፍ ጊዜ ሁለት ጊዜ ተነግሮት የማይመልስ አብራሪ ድንገት የታመመ ወይም ልቡን የሳተ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለተኛው ሰው መሪውን እንዲቀበል በብዙ አየር መንገዶች ዘንድ ደንብ ተደርጓል።

ሌሎችም ሥርዓቶች ወጥተዋል። በሴፕቴምበር 11 ቀን 1974 በሻርለት ከተማ ሊያርፍ ሲል የወደቀው አይሮፕላን አብራሪዎች እየወረዱ ሳለ ስለ ፖለቲካና ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ሲጨዋወቱ እንደነበር የድምፅ መቅጃው አጋልጧል፤ በዚያ አደጋ ከ70 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ በ1981 የአሜሪካ መንግሥት ከ10,000 ጫማ፣ ማለትም ከ3,000 ሜትር ያህል በታች፣ ከሥራው ውጭ የሆነ ጨዋታ ሁሉ እንዲቀር ከለከለ። እንግዲህ አስተውሉ፤ አንዱ ደንብ ዝም በሉ ይላል፤ ሌላው ተናገሩ ይላል። ሁለቱ አይጣሉም። የማይጠቅመው ወሬ ዝም የሚለው የሚጠቅመው ቃል እንዲሰማ ነው።

ደግሞም አይሮፕላኑ 300 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ፣ አየሩ ጥርት ያለ ከሆነም 150 ሜትር ላይ ሲደርስ፣ ፍጥነቱ፣ አቅጣጫውና ቁልቁለቱ ካልተስተካከለ ማረፉን ትቶ መነሣትና እንደገና መሞከር ይገባል። በዚህ ጊዜ ረዳቱ «እንነሣ» ቢል ካፒቴኑ ሊቀየመው አይገባም። ተመልሶ መነሣት እንደ ሽንፈት እንዳይቆጠር ተደጋግሞ ይነገራል። ተሳፋሪዎችም ሊያርፉ ሲሉ አይሮፕላኑ ድንገት ሽቅብ ቢነሣባቸው ከመደንገጥ ይልቅ፣ ከፊት ያሉት ሰዎች ሥራቸውን እየሠሩ መሆናቸውን ቢያስቡ መልካም ነው።

ፍሬው እንዴት ታየ?

ትምህርቱ ምን እንዳፈራ በጁላይ 19 ቀን 1989 ታየ። ከዴንቨር ወደ ቺካጎ ይበር የነበረው የዩናይትድ ዲሲ-10 አይሮፕላን የጅራቱ ሞተር ፈንድቶ፣ መሪውን የሚያንቀሳቅሰው ዘይት ከሦስቱም መሥመሮች ፈስሶ አለቀ። መሪው ሞተ ማለት ነው። ካፒቴኑ አል ሄይንስ ይህን ሲያይ ሁሉን እኔ አውቃለሁ አላለም። ረዳቱንና መሐንዲሱን አማከረ። ከተሳፋሪዎች መካከል ዴኒስ ፊች የሚባል የአብራሪዎች አስተማሪ መኖሩን ሲሰማም ወደ ፊት አስጠራውና፣ የቀሩትን ሁለት ሞተሮች ኃይል በመጨመርና በመቀነስ አይሮፕላኑን የማዞር ሥራ ሰጠው። አራቱ ሰዎች እየተነጋገሩ፣ አንዱ የሌላውን አሳብ እየተቀበለ፣ አይሮፕላኑን እስከ ሱ ሲቲ አየር ማረፊያ አደረሱት። ሲያርፍ ተገለባብጦ ተቃጠለ፤ 112 ሰዎችም ሞቱ። ነገር ግን ከነበሩት 296 ሰዎች 184ቱ ተረፉ። ሄይንስ እስኪሞት ድረስ ስለዚህ ነገር በተጠየቀ ቁጥር ምስጋናውን ለብቻው አይወስድም ነበር፤ አንድ ላይ መምከርን ባይማሩ ኖሮ እዚያ ባልደረሱም ነበር እያለ ያስረዳ ነበር።

ይህን ስንል ነገሩ አንድ ጊዜ ተምረውት የሚያበቃ ነው ማለታችን አይደለም። በጁላይ 6 ቀን 2013 በጠራ ቀን፣ የኮሪያው የኤሺያና አየር መንገድ ቦይንግ 777 በሳን ፍራንሲስኮ ሲያርፍ ፍጥነቱ ከሚገባው በእጅጉ አንሶ በመንደርደሪያው መዳረሻ ያለውን የባሕር ግንብ መታ፤ ከ307 ሰዎች 3ቱ ሞቱ። መሪውን የያዘው ለዚያ ዓይነት አይሮፕላን አዲስ የሆነ፣ አስተማሪ በአጠገቡ የተቀመጠለት ካፒቴን ነበረ። የቁልቁለቱን መንገድ የሚያሳየው መሣሪያ በዚያን ሰሞን ስለማይሠራ በዓይን እያዩ ማረፉ እንዳስጨነቀው ለመርማሪዎች ተናግሯል። ጭንቀቱን የገለጠው ግን ከአደጋው በኋላ ነው። ሌላው ሁሉ እያረፈ እኔ አልችልም ማለት ከብዶታል። ኃይል ሲጨመርና እንነሣ ሲባል ጊዜው አልፎ ነበር። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ፍርሃቱን ደብቆ፣ ሌላው ያውቃል ብሎ ተማምኖ መውረድ ይቻላል ማለት ነው።

ወደ መሥሪያ ቤታችን እንመለስ

አንባቢዎቻችን ብዙዎቹ አብራሪዎች አይደሉም። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ የሚያርፍ አይሮፕላን አለ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወጪ የሚሆን ደብዳቤ ውስጥ ሒሳቡ መሳሳቱን ያየ ጀማሪ ጸሐፊ፣ ሹሙ ሊፈርም ብዕሩን ሲያነሣ አብሮ ይወርዳል። መድኃኒቱ ለሌላ በሽተኛ የታዘዘ መሆኑን የጠረጠረች ነርስ፣ የድልድዩ ብረት ከተሠራው ንድፍ ማነሱን የቆጠረ ወጣት መሐንዲስ፣ በሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር መሳሳቱን ያየ ተማሪ፣ ሁሉም በዚያው ወንበር ላይ ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ምንድን ነው? «እርሳቸው ሳያውቁት ይቀራሉ?» ብለው ዝም ይላሉ፤ አለዚያም ከሹሙ ቢሮ ወጥተው ለባልንጀራቸው ያሙታል። ሐሜት ደግሞ ለማንም ያልጠቀመ ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለዚህ ለወጣቶቹ የምንለው ይህ ነው። ያያችሁትን በአክብሮት፣ ነገር ግን በግልጽ ተናገሩ። ቁጥሩን ያዙ፤ አሳብ አቅርቡ፤ መልስ እስክታገኙ ድረስ ነግሬአለሁ ብላችሁ አትቀመጡ። የአቪያንካው ረዳት ነግሬአቸዋለሁ ብሎ ነበር። መናገር የሚያልቀው ሰሚው ሲረዳው እንጂ ተናጋሪው አፉን ሲዘጋ አይደለም።

ለሹሞች የሚቀረው ድርሻ ግን ከዚህ ይበልጣል። ዛሬ ጥሩ ካፒቴን ከመነሣቱ በፊት ባልደረቦቹን ሰብስቦ፣ ስሳሳት ካያችሁኝ ንገሩኝ ብሎ በአፉ ይነግራቸዋል። ይህን ያለ ሰው ከማዕርጉ የቀነሰው ነገር የለም፤ መሪው ዛሬም በእጁ ነው፤ የመጨረሻው ውሳኔም የእርሱ ነው። የጨመረለት ግን ሁለት ዓይን ነው። እውነት የነገረውን ምንዝር አንድ ጊዜ በቁጣ ያሳፈረ ሹም በአንጻሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻውን እየበረረ መሆኑን ይወቅ፤ በአጠገቡ ያለው ሰው ወንበሩ ላይ ቢቀመጥም አፉ ተዘግቷል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጉዟችን፣ ጎማው ሲወርድ ያ ድምፅ በተሰማን ጊዜ፣ ከተዘጋው በር በስተጀርባ ስላሉት ሰዎች እናስብ። የካፒቴኑ እጅ የጸና እንዲሆን እንደምንመኝ ሁሉ፣ በአጠገቡ የተቀመጠው ወጣት አንደበቱ የተፈታ፣ የካፒቴኑም ጆሮ የተከፈተ እንዲሆን እንመኝ። በበነጋውም ወደየሥራችን ስንገባ ያንኑ ለራሳችን እናድርገው።